የአሮጌውን የጅቡቲ ምድር ባቡር ሐዲድ ማቆየት፦ ከታሪኩ እስከ ብሎን ማጥበቅ

ከለገሃር ተነስቶ በአዋሽና በድሬዳዋ በኩል ጅቡቲ የሚደርሰው አሮጌ መስመር 784 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ሁሉንም መልሶ ለባቡር ማብቃት የአንድ ከተማ ወይም የአንድ ማኅበር አቅም አይደለም፤ አያስፈልግምም። ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ሐዲድ፣ አንድ ጣቢያ፣ አንድ ሊቶሪና (በራሱ ሞተር የሚሄድ የመንገደኛ ፉርጎ) እና ጥቂት ፉርጎዎች በወጉ ተጠብቀው ቢቆዩ የቀረውን ታሪክ ይናገራሉ። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለእንዲህ ያለ አጭር መስመር ነው፦ በሰዓት ከ15 ኪሎ ሜትር ሳይፈጥን ጎብኚ ለሚያመላልስ፣ ወይም ለጊዜው ምንም ባይሄድበት እንኳ እንዳይጠፋ ለሚፈለግ።

መስመሩ ለምን እንዲህ ሆኖ ተሠራ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ለሙሴ ሸፍኔ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዛሬ ድሬዳዋ የምንለው ቦታ ደረሰ። ሐዲዱን ሐረር ተራራ ላይ ማውጣት ወጪው ስለከበደ ከተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተወሰነ፤ ድሬዳዋ የተወለደችው ከዚህ ውሳኔ ነው። ከዚያ ገንዘብ አለቀ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ በሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ተተካ። አዲስ አበባ የተደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው ደግሞ ከ12 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ኅዳር 24 ቀን 1922። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ለስደት የወጡት በዚሁ መስመር ነበር።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ጥገና ላይ ለሚሰማራ ሰው ሦስት ነገር በየቀኑ ያጋጥመዋል። አንደኛው ስፋቱ ነው። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው 1 ሜትር ሲሆን፣ የተመረጠውም ኩርባው ሊጠብ፣ ቁፋሮውና ድልድዩ ሊያንስ ስለሚችል ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የሰበታ–ጅቡቲ መስመር 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ስላለው ሐዲዱ የሚቀመጥበት አግዳሚም፣ ባቡሩን ከመስመር ወደ መስመር የሚያሻግረው መቀየሪያም፣ መንኮራኩርም ከአዲሱ ወደ አሮጌው አይሻገርም። ስለዚህ በአሮጌው መስመር ዳር ወድቆ የሚታይ ሐዲዱን ከአግዳሚው ጋር የሚያስር ማንኛውም መያዣ ወይም ሁለት ሐዲድ የሚያጋጥም ፕሌት መለዋወጫ እንጂ ቁራጭ ብረት አይደለም።

ሁለተኛው የሐዲዱ ቅለት ነው። መጀመሪያ የተዘረጋው በሜትር 20 ኪሎ ብቻ የሚመዝን ነበር፤ በኋላ በየክፍሉ 25ና 30 ኪሎ የሚመዝን እየተተካ ሄደ። በአንድ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሐዲድ ተቀጣጥሎ ብታገኙ አይግረማችሁ።

ሦስተኛው ከሐዲዱ ሥር በአግድም የሚነጠፈው አግዳሚ ነው። ብረት ነው፤ ምስጥ በሚበላበትና ፀሐይ እንጨት በሚሰነጥቅበት ቆላ ከእንጨት ይሻላል። ቅርፁ የተገለበጠ ገበቴ ይመስላል፤ መስመሩን አንቆ የሚይዘው ግን ሆዱ በጠጠር ጥቅጥቅ ብሎ ሲሞላ ብቻ ነው። ሆዱ ባዶ ከሆነ ባቡር ባለፈ ቁጥር ይዘላል፣ ይንሸራተታል፣ ኩርባ ላይ ወደ ውጭ ይገፋል።

ፈቃድ፣ መዝገብ፣ ቀለም

ማንኛውንም ብሎን ከመፍታታችሁ በፊት ፈቃድ ያዙ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ እንክብካቤና ጥገና ሥራ በቅድሚያ በቅርስ ባለሥልጣን መፈቀድ አለበት። የመስመሩ ባለቤት የሆነው ድርጅትም በጽሑፍ መስማማት አለበት፤ የቃል ስምምነት ኃላፊ ሲለወጥ አብሮ ይሄዳል።

ከዚያ መዝግቡ። መስመሩን በ100 ሜትር ክፍሎች ከፋፍላችሁ በየሐዲዱ ወገብ (በጭንቅላቱና በእግሩ መካከል ባለው ቀጭን ጎን) ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ጻፉ፤ ለምሳሌ በ3ኛው ክፍል በግራ በኩል ያለው 7ኛ ሐዲድ «3-ግ-7» ይባል። ወገቡን በሽቦ ብሩሽ ስታጸዱት አብዛኛውን ጊዜ ጎልቶ የወጣ ጽሑፍ ይገኛል፦ የፋብሪካው ስም፣ የተመረተበት ዓመት፣ አንዳንዴም የሜትሩ ክብደት። ይህን ጽሑፍ በወረቀትና በእርሳስ ፍቃችሁ ቅጂውን አስቀምጡ። ጽሑፉ ከጠፋ ቀደም ሲል ከተጣለ ቁራጭ ላይ 1 ሜትር ለክታችሁ መመዘን ክብደቱን ቁርጥ አድርጎ ይነግራችኋል።

መዝገቡ የሚፈልገው ጥቂት ዓምዶችን ነው፦ ቁጥር፣ ክብደት፣ ዓመት፣ ስንጥቅ፣ የጎደለ ብሎን፣ የጎደለ መያዣ፣ የአግዳሚው ሁኔታ። ይህን ሳትጨርሱ ዕቃ አትግዙ። መጠኑን ለመገመት፦ ሐዲዱ 10 ሜትር የሚረዝም ከሆነ በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ በሁለቱም ጎን 200 መጋጠሚያ አለ፤ በየመጋጠሚያው 4 ብሎን ቢኖር 800 ብሎን ይሆናል። በኪሎ ሜትር 1,300 አግዳሚ ቢቆጠር፣ በየአግዳሚው 4 መያዣ ሲታሰብ 5,200 መያዣ ያስፈልጋል። ከአሥር አንዱ ቢጎድል እንኳ ቁጥሩ ቀላል አይደለም፤ መስመሩ ዳር የወደቀውን መልቀም የመጀመሪያው ግዢ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የጎረቤቱ የምፅዋ–አስመራ መስመር እዚህ ላይ ያስተምራል። በጦርነቱ ሐዲዱና አግዳሚው ተነቅሎ ምሽግ ተሠርቶበት ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ጡረታ የወጡ ባቡር ሠራተኞች ተመልሰው ያንኑ ብረት ከየምሽጉ እየሰበሰቡ 118 ኪሎ ሜትሩን መልሰው ዘረጉት፤ በ1995 አስመራ ደረሱ። ሥራው የተቻለው ብረቱ አገር ውስጥ ስለቀረ ነው። ለቅልጫ ተሽጦ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ የሽማግሌዎች እውቀት ምንም ባልፈየደ ነበር።

መጀመሪያ ውሃውን

ባቡር በማይሄድበት መስመር ላይ ዋናው ጠላት ውሃ ነው። ብዙ ሰው ከዝገትና ከቀለም ይጀምራል፤ ስህተት ነው። ቦዩ ከተደፈነ ዘንድሮ ያስተካከላችሁት ሐዲድ ከርሞ ተመልሶ ይሰጥማል።

1. የጎን ቦዮችን ክፈቱ። የቦዩ ወለል ከአግዳሚው ሥር ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። በ100 ሜትር ርዝመት ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር እንዲወርድ አድርጉት፤ ከዚያ ካነሰ ደለል ይቀመጥበታል። የተቆፈረውን አፈር በሐዲዱ በኩል አትከምሩ፣ በመጀመሪያው ዝናብ ይመለሳልና።

2. ከሐዲዱ ሥር የሚያልፉትን የውሃ ማሳለፊያዎች ጥረጉ። ሁልጊዜ ከመውጫው ጀምራችሁ ወደ መግቢያው ሂዱ። ከመግቢያው ከጀመራችሁ የተጠራቀመው ውሃ መሄጃ አጥቶ በሠራተኛው ላይ ይተኛል። የግንቡን ድንጋይ መርምሩ፤ ኖራው ታጥቦ የወጣ ከሆነ በኖራ ሙሉት። ጠንካራ የሲሚንቶ ልስን እርጥበቱን ውስጥ ዘግቶ አሮጌውን ድንጋይ ያስነሣል።

3. ጭቃ የሚተፋ ቦታ ፈልጉ። በበጋ አግዳሚው ዙሪያ ነጭ ወይም ቡናማ ዱቄት፣ በክረምት ቀጭን ጭቃ ካያችሁ ጠጠሩ ከሥሩ በአፈር ተበክሏል። ከላይ አዲስ ጠጠር መጨመር ምንም አይረዳም፤ ጭቃው ይውጠዋል። አግዳሚውን አውጥታችሁ 30 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩ፣ ወደ ቦዩ የሚያወጣ ድንጋይ የተሞላ መተላለፊያ አበጁ፣ ከዚያ ንጹሕ ጠጠር መልሱ።

ይህን ሁሉ ግንቦት ሳያልቅ ጨርሱ። በድሬዳዋና በአዋሽ ቆላ ደግሞ ሰማዩን አይቶ መወሰን አይቻልም፤ ዝናቡ ደጋ ላይ ዘንቦ ጎርፉ ቆላውን የሚያገኘው ሌሊት፣ ጥርት ባለ ሰማይ ሥር ሊሆን ይችላል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ከ200 በላይ ሰው የገደለው በሌሊት ነው። ደረቅ ወንዝ አጠገብ ዕቃም ፉርጎም አታሳድሩ።

ቁጥቋጦውን በተመለከተ፣ አዋሽ ሸለቆ ውስጥ ትልቁ ችግር ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ወራሪ ዛፍ ነው። ከመሬት በላይ ቢቆረጥ በየጉቶው አምስት ስድስት ሆኖ ያቆጠቁጣል። ከመሬት በታች ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ገብታችሁ ግንዱና ሥሩ ከሚጋጠሙበት በታች ቁረጡት። የተቆረጠውን ሐዲዱ ላይ አታቃጥሉ፤ እሳቱ ሐዲዱን ያጣምማል፣ አመዱም እርጥበት ሲያገኝ ብረት ይበላል። ከእያንዳንዱ ሐዲድ ውጭ 3 ሜትር ንጹሕ ሆኖ መቆየት አለበት።

መለካት

የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው፦ የ1 ሜትር የስፋት መለኪያ ዘንግ፣ ውሃ ልክ፣ 10 ሜትር ሲባጎ፣ የብረት ማስመሪያ፣ በማግኔት ሐዲድ ላይ የሚለጠፍ ቴርሞሜትር፣ 1 ኪሎ መዶሻ፣ ጠመኔ።

ስፋት የሚለካው ከሐዲዱ ጭንቅላት አናት 14 ሚሊ ሜትር ያህል ወርዳችሁ፣ ከውስጥ ጎን እስከ ውስጥ ጎን ነው። ቀጥ ባለ መስመር በየ5 ሜትሩ፣ በኩርባና በመጋጠሚያ ላይ በየ2 ሜትሩ ለኩ። ለዝግተኛ ጉዞ ልትይዙት የሚገባው ወሰን ይህ ነው፦ ከ1,000 ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከጠበበ ወይም ከ10 በላይ ከሰፋ በሥራ ዕቅድ ውስጥ ይግባ፤ ከ20 በላይ ከሰፋ መስመሩ ይዘጋ። ባለቤቱ ድርጅት የራሱ ጥብቅ ወሰን ካለው የእሱ ይበልጣል።

ከስፋቱ ይልቅ አሮጌ ተሽከርካሪን ከሐዲድ የሚያወርደው ጥምዘዛ ነው። የግራና የቀኙን ከፍታ ልዩነት በውሃ ልክ ውሰዱ፤ 3 ሜትር ሄዳችሁ ደግማችሁ ውሰዱ፤ የሁለቱ ልዩነት ጥምዘዛው ነው። 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ አስተካክሉ። 15 ከደረሰ ምንም ነገር አይለፍበት። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የአሮጌ ፉርጎ ፍሬምና ሞላ ደርቋል፤ አንዱ ማዕዘን ሲወርድ መንኮራኩሩ ተከትሎ አይወርድም፣ ክብደት ያጣል፣ ሐዲዱን ከውስጥ የሚይዘው ከንፈሩም ሐዲዱ ላይ ይወጣል። ልኬቱን በተቻለ መጠን ክብደት ሐዲዱ ላይ እያለ ውሰዱ፤ ባዶውን ሲታይ ደህና የሆነ አግዳሚ ሲጫን ሊሰጥም ይችላል።

ኩርባን በሲባጎ ለኩ። 10 ሜትሩን ሲባጎ ከውጭው ሐዲድ ውስጥ ጎን ወጥራችሁ በመሃሉ ላይ ከሲባጎው እስከ ሐዲዱ ያለውን በሚሊ ሜትር አንብቡ፤ 12,500ን ለዚያ ቁጥር ስታካፍሉ የኩርባው ራዲየስ በሜትር ይወጣል። 62 ሚሊ ሜትር ካነበባችሁ ራዲየሱ 200 ሜትር ገደማ ነው። በየ5 ሜትሩ ደጋግሙት፤ ቁጥሩ በቀስታ ማደግና መቀነስ ሲገባው ከዘለለ እዚያ ቦታ ሐዲዱ ተገፍቷል።

የኩርባውን ከፍታ፣ ማለትም የውጭው ሐዲድ ከውስጠኛው የሚበልጥበትን፣ ደግሞ እንዲህ ታሰላላችሁ፦ 1,060ን (ከአንዱ ሐዲድ መሃል እስከ ሌላው መሃል ያለውን ሚሊ ሜትር) በፍጥነቱ ካሬ አባዙ፣ 127 በራዲየሱ ተባዝቶ ለሚገኘው አካፍሉ። በ200 ሜትር ራዲየስ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ባቡር የውጭው ሐዲድ 67 ሚሊ ሜትር ከፍ ማለት ሲኖርበት፣ በ15 ኪሎ ሜትር ለሚሄደው 9 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል። ስለዚህ ለፈጣን ባቡር የተሠራ ኩርባ ላይ ዘገምተኛ ሊቶሪና ሲሄድ ክብደቱ ወደ ዝቅተኛው ሐዲድ ያዘነብላል፤ መጀመሪያ የሚላሉትም የዚያ ጎን መያዣዎች ናቸው። ጊዜ ካላችሁ ከፍታውን ቀስ በቀስ ቀንሱት፤ ከሌላችሁ የዝቅተኛውን ጎን ብሎኖች ሁለት ጊዜ ፈትሹ።

ፍጥነትን በተመለከተ ድርድር የለም። ጥር 5 ቀን 1977 አዋሽ አካባቢ ባቡር ፍጥነቱን ሳይቀንስ ኩርባ ገብቶ ገደል ወድቋል፤ ከ400 በላይ ሰው አልቋል። በየኩርባው መግቢያ የፍጥነት ሰሌዳ ይተከል፤ ሹፌሩም ከ200 ሜትር ላይ ሊያነበው ይቻል።

መጋጠሚያ፣ ብሎን፣ ክፍተት

አብዛኛው ድካም ያለው እዚህ ነው። በየመጋጠሚያው፦

ብሎኖቹን ፍቱ፣ ሁለቱን የማጋጠሚያ ፕሌቶች አውጡ፣ ሁሉንም በሽቦ ብሩሽ አጽዱ። እምቢ ያለ ዳዶ ካለ ነጭ ጋዝና የሞተር ዘይት በግማሽ በግማሽ ቀላቅላችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩበት። በኦክስጅን ማሞቅ ብሎኑን ከመቁረጥ ጋር ብቻ ይፈቀድ፤ የአሮጌ ሐዲድ ብረት ከፍተኛ ካርቦን ስላለው ሞቆ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። በዚሁ ምክንያት የብሎን ቀዳዳን በእሳት ማስፋት ክልክል ነው፤ በመሰርሰሪያ ብቻ።

የብሎን ቀዳዳዎቹን ዙሪያ ለስንጥቅ መርምሩ። ነጭ ጋዝ ቀቡ፣ 20 ደቂቃ ጠብቁ፣ በጨርቅ ደረቅ አድርጋችሁ ጥረጉ፣ የተፈጨ ጠመኔ በቀጭኑ ነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ጋዝ ወጥቶ ጠመኔው ላይ ጥቁር መስመር ይሠራል። ከቀዳዳው በማዕዘን ወደ ጭንቅላቱ የሚወጣ መስመር ያየ ሐዲድ ይነሳ፤ በብየዳ አይጠገን። ስንጥቁ ጫፍ ላይ ከሆነና የሐዲዱ ቀሪ አካል ደህና ከሆነ ጫፉን ቆርጦ በሌላ ቦታ አጭር አድርጎ መጠቀም ይቻላል።

ስትመልሱ ፕሌቱን በግራፋይት ግራሶ ቀቡ። ለአንድ መጋጠሚያ 50 ግራም ያህል ይበቃል፤ ለኪሎ ሜትር 10 ኪሎ ማለት ነው። በሐዲዱ አናት ላይ ጠብታ እንኳ እንዳይነካ፤ ፍሬን ያንሸራትታል።

ክፍተቱን በሙቀት አስሉ። ብረት በየሜትሩ በየዲግሪው 0.0115 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ፀሐይ ላይ የዋለ ሐዲድ ከአየሩ በ20 ዲግሪ ያህል ሊበልጥ ስለሚችል፣ አየሩ 40 በሚደርስበት ቆላ ሐዲዱ 60 ይደርሳል ብላችሁ ያዙ። ጠዋት በ25 ዲግሪ የ10 ሜትር ሐዲድ የምትገጥሙ ከሆነ፦ 10 × 0.0115 × 35 = 4 ሚሊ ሜትር ክፍተት። 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የላሜራ ቁራጭ መሃል አስገብታችሁ ግጠሙ፣ ከዚያ አውጡት። ክፍተት የሌለው መስመር በቀትር ወደ ጎን ተጣምሞ ይወጣል። ሲበዛ ደግሞ መንኮራኩሩ የሐዲዱን ጫፍ እየቀጠቀጠ ይሰብረዋል።

በክብደት የተለያዩ ሐዲዶች በተጋጠሙበት ቦታ ጭንቅላታቸው እኩል መሆኑን በብረት ማስመሪያ እዩ። ተራ ፕሌት በሁለቱ መካከል አስገድዶ ማሰር ብሎኑን በወራት ውስጥ ይቆርጠዋል፤ በአንድ በኩል ለ20፣ በሌላው ለ30 ኪሎ ሐዲድ የተሠራ ልዩ ፕሌት ያስፈልጋል።

የአግዳሚውን መያዣዎች አንድ በአንድ በመዶሻ መታ መታ አድርጉ። ጠንካራው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የላላው ድምፁ ይደነቁራል። የብረት አግዳሚ የሚሰነጠቀው ብዙ ጊዜ ከመያዣው ቀዳዳ ማዕዘን ነው፤ ቀዳዳው ሲበላም መያዣው እየተንሸራተተ ስፋቱን ያሰፋል። ሦስት ተከታታይ አግዳሚ ስንጥቅ ካለባቸው ቢያንስ መሃለኛው ሳይለወጥ ምንም አይለፍ። የተበላ ቀዳዳን በብየዳ ሞልቶ ደግሞ መሰርሰር ይቻላል፤ የአግዳሚው ብረት ለስላሳ ስለሆነ ከሐዲዱ በተለየ ብየዳ ይቀበላል።

ማንሣትና መጎሰም

ጠጠሩ የተፈጨና ሹል ጠርዝ ያለው፣ ከ25 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ይሁን። የወንዝ ጠጠር ክብ ስለሆነ እርስ በርሱ አይያያዝም። ከአግዳሚው ሥር 15 ሳንቲ ሜትር ንጹሕ ጠጠር ለቀላል ጉዞ በቂ ነው።

በክሪክ የሰጠመውን ቦታ አንሡ፤ በአንድ ጊዜ ከ5 ሳንቲ ሜትር አትለፉ። ያነሣችሁትን ከፍታ ለመመለስ በየሳንቲ ሜትሩ ቢያንስ 5 ሜትር መንሸራተቻ ስጡት። ከዚያ ከየሐዲዱ ግራና ቀኝ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ቦታ ላይ ጠጠሩን ወደ አግዳሚው ሆድ በመጎሰሚያ ዶማ ግፉት፤ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ሆኖ በአንድ ጊዜ ይጎስም፣ አንዱ ብቻ ከመታ ጠጠሩ በሌላው በኩል ይወጣል። የአግዳሚውን መሃል አጥብቃችሁ አትጎስሙ፤ መሃሉ ከጠነከረ አግዳሚው እንደ ሚዛን ወዲህና ወዲያ ይወዛወዛል። በመጨረሻ የአግዳሚዎቹን ጫፍና መካከላቸውን ሙሉ።

ይህ ሥራ የጠጠሩን ይዞታ ስለሚያላላ በሙቀት ሰዓት አይሠራም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ሥሩ፤ ሐዲዱ ላይ ያለው ቴርሞሜትር 40 ሲል አቁሙ። በእጅ መሣሪያ በቀን ከ50 ሜትር በላይ ማቀድ አያዋጣም፤ የተቻኮለ ጉሰማ በመጀመሪያው ፉርጎ ይፈርሳል።

መቀየሪያ ላይ የሚንቀሳቀሰው ሹል ሐዲድ፣ ማለትም ምላሱ፣ ሲዘጋ 4 ሚሊ ሜትር ላሜራ ሊገባበት አይገባም። ተንሸራታቹን ፕሌት አጽድታችሁ በስሱ ግራሶ ቀቡ፤ የማይሠራበትን አቅጣጫ በክላምፕና በቁልፍ እሰሩ።

የብረት ድልድይ የመሐንዲስ ስሌት ሳይኖር ተሽከርካሪ አይለፍበት፤ ይህን ማንም በጎ ፈቃደኛ ሊወስነው አይችልም። እናንተ ማድረግ የምትችሉት የወፍ ኩስና አፈር መጥረግ፣ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎችን መክፈት፣ ድልድዩ የሚቀመጥበትን መደገፊያ ማጽዳትና ሪቬቶቹን በመዶሻ መፈተሽ ነው። ጣታችሁን በአንዱ ጎን አድርጋችሁ በሌላው ስትመቱት የሚንቀጠቀጥ ሪቬት ላልቷል። በሁለት ላሜራ መካከል ያበጠ ዝገት ካለ ፎቶ አንሥታችሁ መዝግቡ።

ፉርጎና ሊቶሪና

ቀለም ከመፋቃችሁ በፊት ሁለት አደጋ እወቁ። አሮጌ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ማዕድን ሊኖርበት ይችላል፤ የፍሬን ሸራዎች፣ የጭስ ማውጫ ሽፋንና የሞተር ክፍል ግድግዳ አስቤስቶስ ሊሆኑ ይችላሉ። በደረቁ በመፍጫ ማሽን አትፍጩ። አርጥቡ፣ በእጅ ፋቁ፣ ደቃቅ አቧራ የሚይዝ ማስክ አድርጉ፣ ፍርፋሪውን በሁለት ድርብ ላስቲክ አሽጉ። የጨርቅ ማስክ ለአስቤስቶስ ዋጋ የለውም። ልብሱን ቤት ወስዶ ማጠብ መርዙን ለልጆች ያደርሳል፤ እዚያው ይታጠብ።

ዝገቱን ካወረዳችሁ በኋላ በዚያው ቀን አንቲሩጂኔ (ዝገት የሚከላከል ቀለም) ቀቡ፤ በክረምት አንድ ሌሊት ያደረ ንጹሕ ላሜራ ቢጫ ሆኖ ይነጋል። ሁለት ድርብ አንቲሩጂኔ፣ ሁለት ድርብ ቀለም። በአማርኛና በፈረንሳይኛ የተጻፉትን አሮጌ ጽሑፎችና ቁጥሮች ግን አትሸፍኑ፤ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ይንካቸው። ጽሑፉን በቀለም ደርቦ ማስተካከል ካስፈለገ መጀመሪያ በሚያሳይ ፕላስቲክ ወረቀት ልኩን ገልብጡ።

ጣሪያው ከሁሉ ይቅደም። የሊቶሪና ወለል የሚበሰብሰው ከላይ በገባ ውሃ ነው፤ በበሮቹና በመስኮቶቹ ሥር ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በሽቦ ክፈቱ። ብዙ ጊዜ በአሮጌ ቀለም ተደፍነው ይገኛሉ።

መንኮራኩሮቹን እንዲህ ፈትሹ። በሁለቱ መንኮራኩሮች ውስጥ ጀርባ መካከል ያለውን ርቀት ዙሪያውን በሦስት ቦታ ለኩ፤ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያየ አክሱ ተጣሟል ወይም መንኮራኩሩ ተነቅንቋል። ሐዲዱን ከውስጥ የሚይዘው ከንፈር ከ22 ሚሊ ሜትር ከሳሳ ወይም ጫፉ እንደ ቢላ ከሾለ ያ መንኮራኩር ወደ ቶርኖ ይሂድ፤ ሹል ከንፈር በመቀየሪያ ምላስ ላይ ይወጣል። ኩሽኔታውን ክፈቱ፣ አሮጌውን ግራሶ ሙሉ በሙሉ እጠቡ፣ ውሃ የገባበት ምልክት ፈልጉ። የቆመ ተሽከርካሪ በየሁለት ወሩ በግማሽ ዙር መንቀሳቀስ አለበት፤ አለዚያ ኩሽኔታው በአንድ ቦታ ይጎደጉዳል።

ለዓመታት የቆመ ናፍጣ ሞተር በባትሪ ለመነሣት አይሞከር። በቅደም ተከተል፦ አሮጌውን ዘይት አፍስሱና ውሃ እንዳለበት እዩ፤ ኢንጄክተሮቹን አውጡ፤ በየሲሊንደሩ ጥቂት ቀጭን ዘይት ጨምራችሁ አንድ ቀን አሳድሩ፤ ከዚያ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ። ውሃ ከአንድ ቀዳዳ ከወጣ እዚያው አቁሙ። በነፃ ከዞረ የናፍጣውን ታንክ አጥቡ፣ ፊልትሮዎቹን ለውጡ፣ የዘይት ግፊት መኖሩን በእጅ ፓምፕ አረጋግጡ። ጄኔሬተርና የመጎተቻ ሞተር ያለው ከሆነ ኤሌክትሪክ ከመስጠታችሁ በፊት የሽቦውን ኢንሱሌሽን ለኩ፦ ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም፣ በተጨማሪም በየ1,000 ቮልቱ 1 ሜጋ ኦም። ካነሰ በሞቀ አየር ለቀናት አድርቁት። ችኮላ የሚያቃጥለው እዚህ ነው፤ የተቃጠለ አርማቹር (በሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረው ጥምጥም) ለማስጠምጠም የሚወጣው ገንዘብ ሌላውን ሥራ ሁሉ ይውጣል።

ፍሬን አየርም ይሁን ቫኩም፣ ሞልታችሁ ምንጩን ዝጉና ማኖሜትሩን 5 ደቂቃ ተመልከቱ። መርፌው ከተንቀሳቀሰ መጀመሪያ ጎማ ቱቦዎቹን በሳሙና ውሃ ፈትሹ። የእጅ ፍሬኑ በተዳፋት ላይ ብቻውን መያዝ አለበት።

የመጀመሪያው ጉዞ

ሰው የሌለበት፣ በአሸዋ ከረጢት የተጫነ ፉርጎ በሰው እርምጃ ፍጥነት አንድ ጊዜ ያልፋል። በሁለቱም ጎን ሰው አብሮ እየሄደ የሚሰጥሙትን አግዳሚዎች በጠመኔ ምልክት ያደርጋል። ከዚያ ስፋቱንና ጥምዘዛውን በምልክቶቹ ላይ እንደገና ለኩ፤ ከመዝገቡ ጋር አስተያዩ። ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ የተለወጠ ቦታ ካለ አንሥታችሁ ጎስሙ፤ ሁለተኛ ማለፊያ፤ ደግሞ ለኩ። ሦስት ተከታታይ ማለፊያ ምንም ለውጥ ካላሳየ ሊቶሪናው ባዶውን በ10 ኪሎ ሜትር ይሂድ።

ጎብኚ መጫን የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። በዚያ ዕለትም ሆነ ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ የጉዞ ቀን ጠዋት አንድ ሰው መዶሻና ቁልፍ ይዞ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሩ ይሄዳል፤ አይቶ የፈረመበት ወረቀት ሹፌሩ እጅ ሳይደርስ ሞተሩ አይነሣም።